ጉሮሮ በታመመበት ትዳር

የራስና የአንገት ካንሰር ከአፍንጫ ጓዳ እስከ ማንቁርት ባለው መንገድ ላይ የሚነሡ ብዙ ሕመሞች የጋራ ስም ነው። የምላስ፣ የድድ፣ የላንቃ፣ የቶንሲል፣ የማንቁርትና የምራቅ ዕጢ ካንሰር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የሚጀምሩት ይህን መንገድ ከውስጥ ከሚያለብሰው ስስ ሽፋን ነው። ሐኪም በዚህ ቦታ የሚያየው የዕጢውን ስፋትና የአንገት ንፍፊቶችን ነው። ስለ ትዳር የሚያስብ ሰው ደግሞ ባልና ሚስት የሚነጋገሩት፣ አብረው የሚበሉት፣ የሚሳሳሙት፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ከፊቱ የሚያውቀው በዚሁ ጠባብ ቦታ መሆኑን ያስተውላል። የሌላ አካል ሕመም ትዳርን በድካምና በወጪ ያስጨንቃል። ይህኛው ትዳሩ የሚኖርባቸውን መንገዶች ይዘጋል፤ ደጋፊው ሰው ታማሚውን እያስታመመ አብሮ የመኖሪያ ሌላ መንገድም መፈለግ ይኖርበታል።

የትዳር ጓደኛ መኖሩ የሚያመጣው ለውጥ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የታተመና ከ730 ሺህ በላይ የካንሰር ታማሚዎችን መዝገብ የመረመረ ሥራ፣ ያገቡት ካላገቡት ይልቅ በሽታቸው ሳይሠራጭ እንደሚደረስበት፣ ተገቢውን ሕክምና እንደሚያገኙና ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚኖሩ አሳይቷል። የራስና የአንገት ካንሰር ልዩነቱ ጎልቶ ከታየባቸው አንዱ ነበር። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። ሦስት ሳምንት ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ የማያም የአንገት እብጠት፣ የማይለቅ የድምፅ መሻከር ቶሎ የሚታወቀው አብሮ ለሚያድር ሰው ነው፤ ታማሚው «ይተወኛል» እያለ ሲያጓትት ሐኪም ዘንድ ካልሄድክ ብሎ የሚጨቀጭቀውም እርሱ ነው።

ሪያድ ላይ ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት አብረው አያድሩም። በመንፉሓና በመሰል ሰፈሮች አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ አሉ። ሚስት በአሠሪዎቿ ቤት እያደረች ባል ሌላ ሰፈር የሚኖርበት ትዳርም አለ። አንዱ ሪያድ፣ ሌላው ወሎ ወይም ጅማ ሆኖ በኢሞና በዋትሳፕ ብቻ የሚቆም ትዳርም ጥቂት አይደለም። እንዲህ ባለ ትዳር የመጀመሪያውን ምልክት የሚሰማው ሩቅ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል፤ በየማታው የሚሰማው ድምፅ ሻክሮ ሳምንታት ሲያልፉ «ጉንፋን ነው» የሚለውን መልስ ላለመቀበል ከስልኩ ወዲያ ያለው ጆሮ በቂ ነው።

በሽታው ሲታወቅ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚገባው ወቀሳ ነው። ትምባሆና አልኮል ዋነኞቹ መንሥኤዎች ናቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳታቸው ይባባሳል። በሳዑዲ ደቡብ ምዕራብ፣ በጃዛን፣ በጉንጭና በድድ መካከል የሚያዘው ሸማ የሚባለው ትምባሆ የአፍ ካንሰርን አብዝቷል። የአፍንጫ ኋላ ካንሰር ከኤፕስታይን ባር ቫይረስ ጋር፣ የቶንሲልና የምላስ ሥር ካንሰር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኤችፒቪ ጋር ይያያዛል። የመጨረሻው ስም በግንኙነት ከሚተላለፍ ቫይረስ ጋር ስለተሳሰረ ጥርጣሬ ያስነሣል። ቫይረሱ ግን ከሠርጉ በፊት ገብቶ ለዓሥርተ ዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ስለሚችል ስለ ዛሬ ታማኝነት ምንም አይመሰክርም። ካንሰሩ ራሱ በኩባያም በማዕድም አይተላለፍም፤ የታማሚን ዕቃ ለይቶ ማስቀመጥ ሰውን ከማቁሰል በቀር ጥቅም የለውም። ሲያጨስ የኖረን ባል «ነግሬህ ነበር» ማለት እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚጠቅመው ግን ዛሬ ያቆመ ሰው የጨረር ሕክምናው የተሻለ እንደሚሠራለት ማወቁ ነው።

ከወቀሳው ቀጥሎ ወሬውን ማን ይስማ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በአገር ቤት ልማድ ክፉ ወሬ እንዲሁ አይነገርም፤ ጊዜ ተመርጦለት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ታስቦ ነው። ይህ ጥበብ ሐዘንተኛን ጠብቆ የኖረ ነው። ወደ ሐኪም ክፍል ሲገባ ግን መልኩ ይለወጣል፤ ለዘመድ ይነገርና ባለቤቱ ሳይሰማ ይቀራል። ሳዑዲዎችም ዘንድ ታማሚውን ከወሬው የመሸሸግ ልማድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአገሪቱ የጤና ሙያ ሕግ ለሕይወት በሚያሰጋ ሕመም ጊዜ ለታማሚው ወይም ለቤተሰቡ መንገርን ለሐኪሙ ውሳኔ ይተዋል፤ ታማሚው ከከለከለ ወይም ይነገረው የሚለውን ሰው ከመረጠ ግን የሚጸናው የእርሱ ቃል ነው። ያለ ታማሚው ፈቃድ ሕክምና እንዳይደረግም ይኸው ሕግ ያዝዛል። ስለዚህ ባልና ሚስት ከምርመራው ውጤት በፊት አንድ ነገር መነጋገር ይችላሉ፤ «ሁሉን ልስማ ወይስ አንቺ ስሚልኝ?» ሁለተኛውን የመረጠ ሰውም መብቱን ተጠቀመ እንጂ መብቱ አልተወሰደበትም።

ከሕጉ ይልቅ ከባዱ ጉዳይ ቋንቋ ነው። ሐኪሙ በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ታማሚው አንዱንም በደንብ ላይሰማ ይችላል። በሰው ቤት ሠርታ ዐረብኛውን ያቀላጠፈችው ሚስት፣ ወይም ሹፌር ሆኖ የለመደው ባል፣ አስተርጓሚ ይሆናል። ሐኪሙ ስለ ዕጢው ደረጃ፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ ማንቁርቱ ከወጣ ድምፁ እንደማይመለስ ብዙ ይናገራል፤ በአማርኛ የሚወጣው ግን «ትንሽ እብጠት ናት፤ ይቆርጧትና ትድናለህ ይላል» ይሆናል። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ክፋት የለበትም። ውጤቱ ግን አንድ ሰው ድምፁን እንደሚያጣ ሳያውቅ ድምፁን በፊርማው አሳልፎ መስጠቱ ነው። ከቀዶ ሕክምናው ነቅቶ መናገር ሲያቅተው ሐኪሙም የትዳር ጓደኛውም አብረው እንዳታለሉት ይቆጥራል፤ በቀሪዎቹ ወራት የሚያስፈልገው እምነት በዚያች ቀን ይፈርሳል። ስለዚህ ከትዳር ውጭ የሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ፣ ካልተገኘም በስልክ ሦስተኛ ሰው ማስገባት ደጋፊውን ከማይችለው ፈተና ያወጣዋል። ያን ጊዜ እርሱም እንደ ታማሚው ሰሚ ሆኖ መደንገጥ ይችላል።

በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ፣ ደራሲነቱ ዛሬም ቢያከራክርም፣ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ሐሳብ አለበት። ዘርዐ ያዕቆብ ኂሩትን ሲያገባ አገልጋይ እንድትሆነው አይፈቅድም፤ በጋብቻ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ይላል። ሁለቱም ጤነኛ ሲሆኑ ይህ እኩልነት ለመረዳት ቀላል ነው። አንዱ በትቦ ሲመገብ፣ ሌላው ገንዘቡን፣ ቀጠሮውንና ቃሉን ሲይዝ እኩልነቱ ምን ላይ ይቆማል? በጉልበት ላይ ሊቆም አይችልም፤ በሥራ ክፍፍልም አይደለም። የሚቀረው ቦታ ውሳኔ ነው። ስለ ገዛ አካሉ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ታማሚው እስከሆነ ድረስ፣ ማንኪያ ባያነሣም፣ ባል ወይም ሚስት ሆኖ ይኖራል። ያ ቃል ሲወሰድበት ግን የቱንም ያህል በፍቅር ቢታጠብና ቢለብስ የቤቱ ልጅ ሆኗል፤ ከልጅነት ወደ ትዳር መመለስ ደግሞ ከሕመሙ ከመዳን ይልቅ ሊከብድ ይችላል።

ሕክምናው ከጥርስ ይጀምራል። ጨረር የነካው የመንጋጋ አጥንት ደሙ ስለሚቀንስ በኋላ ጥርስ ቢነቀል ቁስሉ ላይሽር፣ አጥንቱም ሊሞት ይችላል፤ የተበላሸ ጥርስ አስቀድሞ ይነቀላል። ከዚያ በሙቀት የለሰለሰ ፕላስቲክ በፊቱና በአንገቱ ልክ ጭምብል ሆኖ ይሠራል፤ ታማሚው በየዕለቱ ጨረር ሲወስድ እንዳይንቀሳቀስ በእርሱ ከአልጋው ጋር ይያያዛል። የተለመደው መጠን 70 ግሬይ ሲሆን በ35 ጊዜ ተከፍሎ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሰባት ሳምንት ይሰጣል። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የምታርፈው ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ የሪያድ የጨረር ሳምንት እሑድ ጀምሮ ሐሙስ ያበቃል። ብዙ ጊዜ ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት ይጨመርበታል፤ ኩላሊትንና ጆሮን ስለሚጎዳ ታማሚው ብዙ ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ መስማት ቀንሶበት እንደሆነም መታየት አለበት። ከሰባቱ ሳምንት የሚባክን እያንዳንዱ ቀን ዕጢውን የመቆጣጠር ዕድል በግምት ከ1 እስከ 1.4 በመቶ ይቀንሳል። የደጋፊው ተራ የሚመስለው ሥራ፣ ታማሚውን በሰዓቱ ማድረስ፣ ክብደቱ እዚህ ላይ ይታያል፤ ታክሲ ማፈላለግም ሆነ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሥራ የጀመረውን የሪያድ ሜትሮ መስመር ማጥናት የሕክምናው አካል ነው። ከውጭ የሚሰጥ ጨረር በሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ባልና ሚስት በአንድ አልጋ ሊተኙ፣ ታማሚውም ልጁን ሊያቅፍ ይችላል። ጥንቃቄ የሚሻው ከኬሞው በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ያህል ትውከትና ሽንት ሲጸዳ ጓንት ማድረግ ነው።

ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የአፍ ውስጥ ሽፋን ይላጣል። የራስን ምራቅ መዋጥ እንኳ ያስለቅሳል። በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሎሚ ከቤት ይወጣሉ፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት ራሱ ያቃጥላል፤ የሚቀረው አጥሚት፣ ቀጭን ገንፎ፣ እንቁላል የገባበት ሾርባና ወተት ነው። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ትዳር ከሌላው የባሰ ፈተና ይገጥመዋል። በዚህ ባህል ፍቅር የሚገለጸው በጉርሻ ነው፤ «በሞቴ» ተብሎ የተዘረጋን እጅ መመለስ ሰውን መመለስ ነው። ሌሊቱን ስታበስል ያደረች ሚስት ባሏ አንድ ማንኪያ ቀምሶ ፊቱን ሲያዞር ምግቡን እንጂ እርሷን እንዳልገፋ ለማመን ይቸግራታል። ባልየውም ሕመሙን ችሎ ለእርሷ ሲል ይውጥና ያስመልሳል። ደግሞም ዝም ብሎ መተው አይቻልም። ታማሚው ሲከሳ ጭምብሉ ስለሚሰፋ ጨረሩ ከታለመበት ቦታ ሊስት ይችላል፤ ያን ጊዜ አዲስ ጭምብልና አዲስ ዕቅድ ሊያስፈልግ ይችላል። የመዋጫ ጡንቻም ሥራ ካቆመ ስለሚዝል፣ በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል ትቦ የገባለት ሰው እንኳ ጥቂት ጉንጭ መዋጥና የታዘዘለትን እንቅስቃሴ መሥራት አለበት። የሚያስገድድም የሚተውም ሁለቱም ይጎዳሉ። መካከለኛው መንገድ የማስታገሻውን ሰዓት ከምግቡ ሰዓት ጋር ማገናኘት፣ ክብደትን በሳምንት አንድ ቀን መመዘን፣ ክርክሩንም በባልና ሚስት መካከል ከመተው ለሥነ ምግብ ባለሙያው ማሳለፍ ነው። ትቦው ሲታዘዝ ብዙዎች እንደ ሽንፈት ያዩታል፤ እውነቱ ግን ማዕዱን ከመዋጋት ነጻ የሚያወጣቸው ይኸው ትቦ መሆኑ ነው። ጾሙን በተመለከተ የክርስትናውም የእስልምናውም ሥርዓት ለታማሚ ቦታ አለው፤ ሕሊናው እምቢ ያለውን ሰው ግን ከትዳር ጓደኛው ይልቅ የንስሐ አባቱ ወይም ሼኹ በስልክ ቢያናግሩት ይቀበላል።

ጨረሩ የምራቅ ዕጢዎችን ስለሚያደርቅ የአፍ ድርቀት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዕድሜ ይቆያል። በሪያድ በጋ ቀኑ ከ43 ዲግሪ ያልፋል፤ አየሩ እጅግ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱን የሚሠራው ማቀዝቀዣም የቀረውን እርጥበት ይወስዳል። ውኃ ከእጅ አለመለየት፣ ጨውና የመጋገሪያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ደጋግሞ መጉመጥመጥና በመኝታ ክፍል እርጥበት የሚረጭ ዕቃ ማኖር በዚህች ከተማ ከሌላ አገር ይልቅ ያስፈልጋል።

ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው የሚተነፍሰው በአንገቱ በተከፈተ ቀዳዳ ነው። ቴዎዶር ቢልሮት ይህን ቀዶ ሕክምና ለካንሰር ለመጀመሪያ ጊዜ ቪየና ላይ የሠራው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1873 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ያለ ማንቁርት የሚናገርበት መንገድ ሲፈለግ ኖሯል። አየርን ወደ ምግብ ቧንቧ ስቦ በማውጣት መናገር፣ አንገት ላይ የሚያዝ የሚንዘረዘር መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው በመተንፈሻና በምግብ ቧንቧ መካከል የሚገባ ቫልቭ ዋነኞቹ ናቸው። ሁሉም ልምምድ ይጠይቃሉ። የሪያድ አቧራ ሲነሣ ቀዳዳው ያለ ማጣሪያ መከፈት የለበትም፤ ገላ ሲታጠቡም ውኃ እንዳይገባበት መጠንቀቅ ያሻል።

አሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት እ.ኤ.አ. በ2006 በካንሰር ቀዶ ሕክምና ምክንያት የታችኛ መንጋጋውንና ድምፁን አጣ፤ እስከ ሞተበት እስከ 2013 ድረስ መጻፉን አላቋረጠም። በ2011 በአንድ የንግግር መድረክ ላይ የጻፈውን ካነበቡለት መካከል ባለቤቱ ቻዝ አንዷ ነበረች። የእርሱን ቃል በእርሷ አንደበት አሰማች፤ ስለ እርሱ የራሷን ቃል አልተናገረችም። ይህ ልዩነት በየቀኑ ይፈተናል። ድምፅ ያጣ ሰው በሰሌዳ ወይም በስልኩ ሲጽፍ ዐረፍተ ነገሩን ቀድሞ መጨረስ፣ እንግዳ ሲጠይቀው ስለ እርሱ መመለስ ቀላል ነው፤ ጊዜም ይቆጥባል። የማይጠብቁት ሰው ግን ውሎ አድሮ መጻፉን ይተዋል። ትዳሩ በስልክ ብቻ ለቆመላቸው ሰዎች ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል፤ ድምፁ ሲሄድ በየማታው የነበራቸው ነገር ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ቀናት የልጆቹን ስም፣ ምርቃቱን፣ ለእናቱ የሚለውን በስልክ ቀድቶ ማኖር፣ ከዚያም በምስል መገናኘትን መልመድ፣ ማንበብ ለማይችል የትዳር ጓደኛም በእጅና በፊት የሚተላለፉ ጥቂት ምልክቶችን መስማማት ያስፈልጋል። ድምፁ ካለ ይህን መሥራት አንድ ምሽት አይፈጅም፤ ከሄደ በኋላ ግን አይሠራም።

የመንጋጋ አጥንት ሲወጣ በቦታው ከቅልጥም የተወሰደ አጥንት ይተካል፤ ምላስ ሲቆረጥ የክንድ ሥጋና ቆዳ ይሰፋበታል። ፊት ይለወጣል። ታማሚው በመስታወት ከማየቱ በፊት የሚያየው የትዳር ጓደኛውን ዓይን ነው፤ የሚፈራውንም የሚጠብቀውንም ከዚያ ያገኛል። መደንገጥ በፈቃድ አይደለምና ነርሷ የቁስሉን ፋሻ ስትቀይር አስቀድሞ ማየት፣ ማጽዳቱንም መልመድ ይጠቅማል። መሳሳም ሲያምም ሌላ መነካካት ይኖራል፤ ስለዚህ ጉዳይ ሐኪሞች ብዙም አይጠይቁም፣ አበሻም አያነሣም፤ ዝምታው ግን ታማሚውን ተጠላሁ ብሎ እንዲያስብ ይተወዋል።

ለስደተኛ ይህ ሁሉ በኢቃማ፣ ማለትም በመኖሪያ ፈቃድ፣ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 117 ለታመመ ሠራተኛ በዓመት የ30 ቀን ሙሉ ደመወዝ፣ የ60 ቀን ሦስት አራተኛ ደመወዝና የ30 ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል። የቤት ሠራተኞች በዚህ ሕግ አይሸፈኑም፤ የራሳቸው ደንብ የሚሰጣቸው የሕመም ፈቃድ በዓመት 30 ቀን ነው፤ የጨረሩ ጊዜ ብቻውን ከዚያ ይረዝማል። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ታሚን፣ ማለትም የሕክምና መድን፣ በአሠሪው በኩል ሊኖረው ግዴታ ነው፤ ጣሪያውን አስቀድሞ መጠየቅ ግን የደጋፊው ድርሻ ነው። እንደ ኪንግ ፈይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል ያሉት ትልልቅ ማዕከላት በቅድሚያ የሚያገለግሉት ዜጎችን ነው። በባል ኢቃማ ሥር ያለች ሚስት፣ ባል ሥራውን ካጣ የእርሷም የመኖሪያ ፈቃድ አብሮ ይሄዳል፤ እስከዚያውም በእያንዳንዱ ጥገኛ በወር 400 ሪያል ይከፈላል። እንዲህ ያለውን ጭንቀት ከታማሚው መደበቅ የተለመደ ነው። ሆኖም ወደ አገር መመለስ ወይም መቆየት የሚወሰነው በዚሁ ስለሆነ ታማሚው ሳያውቅ ሊወስን አይችልም።

አገር ቤት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በመላ ኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፤ ዛሬ እንደ ጅማ ያሉ ቦታዎች ቢጨመሩም ወረፋው አይናቅም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ጨረር በስድስት ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣልና፣ ለመመለስ የሚያስብ ሰው የቀጠሮውን ቀን ይዞ ነው መሳፈር ያለበት። የመመለስ ናፍቆት ግን በቀን ብቻ አይመዘንም። በሪያድ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ጸበል የሚሻ ታማሚ አይኑ ወደ አገሩ ነው። ለሙስሊሙ መካ ቅርብ ናት፤ ዘምዘሙ እጁ ላይ ነው፤ እናቱ ግን ሩቅ ናት። በሽታው ሊድን የሚችል ሲሆን ሰባቱን ሳምንት ባሉበት መጨረስ፣ የማይድን ሲሆን ወደሚወዱት ሰው መሄድ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

የሚያስታምመው ሰው ራሱ ይደክማል፤ ጭንቀቱም አንዳንዴ ከታማሚው ይበልጣል። ሃርቫርድ ያስተማረው ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አርተር ክላይንማን ለዓመታት ሕመምን ካጠና በኋላ ማስታመም ምን እንደሆነ የተማረው ባለቤቱን ጆአንን በመርሳት በሽታዋ ዘመን ሲያስታምም እንደሆነ ጽፏል። ይህ ትምህርት ለወንዶች ይበልጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ በ515 ከባድ ሕመምተኞች ላይ የተሠራ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው ታማሚዋ ሚስት በሆነችበት ጊዜ ትዳሩ የፈረሰው 20.8 በመቶ ሲሆን፣ ታማሚው ባል በሆነበት ጊዜ ግን 2.9 በመቶ ብቻ ነው። ሪያድ ውስጥ ስትሠራ ኖራ ለቤተሰብ ገንዘብ ትልክ የነበረች ሴት ስትታመም አገር ቤት ያለው ባል በየማታው መደወሉ ወይም መተዉ የሕክምናዋን ጽናት ይነካል። አብሮ ያለውም ብቻውን ሊሸከመው አይገባም፤ እድሩ፣ የሰፈሩ ልጆች፣ የአገር ልጅ አንድ ሌሊት ሊያድርለት፣ አንድ ቀን ሊያደርስለት ይችላል። ተራውን በስም መመደብ «ካስፈለገ ጥሩን» ከሚለው ይልቅ ሰው ያስመጣል።

ጨረሩ ካበቃ በኋላ ሕመሙ ለሳምንታት ይቀጥላል፤ ዘመድ «ተጨረሰ» ብሎ የሚበተነው ግን በዚሁ ሰሞን ነው። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በሽታው መጥፋት አለመጥፋቱ ፔት ስካን በተባለ ምርመራ ይታያል። በሽታው የሚመለስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነውና ከየቀጠሮው በፊት ያለው ሳምንት እንቅልፍ የለውም። አንገቱ ጨረር ያገኘ ሰው የእንቅርት ዕጢው ሊዳከም ስለሚችል በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ በደም ይመረመራል፤ ድካሙና ድብርቱ የባሕርይ ሳይሆን የዚህ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ሦስት ጣት በጥርሶቹ መካከል የማይገባለት ሰው የአፍ መክፈቻ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። ደጋፊው በሕመሙ ወራት የያዛቸውን ነገሮች፣ የባንክ ካርዱን፣ የሐኪሙን ቁጥር፣ ከአሠሪው ጋር የሚደረገውን ንግግር፣ አንድ በአንድ የሚመልሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ ታማሚው ሲዘገይ ዐይቶ መልሶ ሳይቀማ።

በሽታው ከተመለሰና መድኃኒት ካልተገኘለት፣ ሕመምን ማስታገስና መተንፈሻውን ክፍት ማድረግ የሕክምናው ሥራ ይሆናሉ። የት መሆን እንደሚፈልግ፣ ልጆቹን ማን እንደሚያሳድግ፣ ዕዳውና ብድሩ የት እንዳለ፣ የት መቀበር እንደሚሻ የሚጠየቀው በዚህ ወቅት ነው። አስከሬን ከሪያድ ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ከኤምባሲውና ከአሠሪው ደብዳቤ ስለሚያስፈልግ የኢቃማው፣ የፓስፖርቱና የጋብቻ ወረቀቱ ቅጂ በትዳር ጓደኛው እጅ መሆን አለበት፤ ታማሚው የመረጠው ነገር ሁሉ ደግሞ መናገር ባይችል እንኳ በገዛ እጁ ተጽፎ ከወረቀቶቹ ጋር ይቀመጣል።